ገመዱ ማን ጀርባ ላይ ነበር?

መነሻውን ጥያቄ ጨዋታ ወዳዶች በሚጻጻፉበት መድረክ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በአራት ቀን ውስጥ 24 መልስ መጣ። ክሩን ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ላጣ ሰው፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ላስቀምጥ።

መነሻው ጽሑፍ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገርጂ፣ አንድ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር፣ ማለትም ገጸ ባሕርይ፣ ይዞ በዳይስ የሚጫወተው ጨዋታ ነው። የምንጫወተው አምስተኛውን እትም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን። አራት ተጫዋቾች አሉን፤ ዲኤሙ፣ ማለትም ጨዋታውን የምመራውና የምዳኘው፣ እኔ ነኝ። ስምንት ወር ሆኖናል። ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታው በአንድ ገመድ ምክንያት ቆመ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ዳይስ የነካ ሰው የለም። አቦል ላይ የተጀመረ ጭቅጭቅ በረካ ላይም አላለቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድኑ ዋሻ ውስጥ ገብቶ 40 ጫማ የሚሆን ገደል ገጠመው። የዊዛርዱ፣ የአስማተኛው፣ ተጫዋች ወዲያው 50 ጫማ ገመድ ከቦርሳው አወጣ። ካራክተር ሺቱ ላይ፣ የካራክተሩ ነገር ሁሉ በሚጻፍበት ወረቀት ላይ፣ ገመዱ በግልጽ ተጽፏል። ጨዋታውን ሲጀምር በገዛው የተጓዥ ጥቅል ውስጥ አብሮ የመጣ ነው። የፋይተሯ፣ የተዋጊዋ፣ ተጫዋች ግን አልተቀበለችም። እሷ የራሷን ገመድ ዋሻው አፍ ላይ፣ በቅሎዋ ላይ ትታ ነው የገባችው። ከብዷት ነው የተወችው። የሺቷ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተደረደሩ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ፣ በፓውንድ፤ ጥሩር 55፣ ጋሻ 6፣ ሰይፍ 3። ከሥር ተሰምሮ 64። ሺቱ ላይ የተጻፈው የዊዛርዱ ጉልበት 8 ነው፤ የእሷ 16። እሷ ደምራ ስትተው እሱ ሳይደምር እንዴት ይዞ ገባ? መልስ አጣሁ።

የጨዋታው መጽሐፍ ስለ ሸክም ሁለት ደንብ አለው። ዋናው ቀላል ነው። ጉልበትህን በ15 ታባዛለህ፤ የሚመጣው ቁጥር መሸከም የምትችለው ፓውንድ ነው። ለመግፋት፣ ለመጎተትና ከመሬት ለማንሣት በ30 ታባዛለህ። ሁለተኛው በአማራጭነት የቀረበ ጠንካራ ደንብ ነው። ሸክምህ ከጉልበትህ 5 እጥፍ ካለፈ ፍጥነትህ በ10 ጫማ ይቀንሳል። 10 እጥፍ ካለፈ በ20 ጫማ ይቀንሳል። በዚያ ላይ በጉልበት፣ በቅልጥፍናና በጽናት የምትጥለው ሁሉ፣ ሁለት ዳይስ ተጥሎ ዝቅተኛው ይያዝብሃል። የእኛ ጠረጴዛ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚጫወት ተነጋግረን አናውቅም። እሷ ሁለተኛውን አንብባ ይዛለች። እሱ የመጀመሪያውንም አላየውም። ጥያቄዬ ይህ ነበር፤ ገመዱ አለ ወይስ የለም? ለወደፊቱስ የትኛውን እንያዝ?

መልሶቹ

መልስ 1 ከባሕር ዳር ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ሰላምታውን አስቀድሞ ገመዱ እንዳለ ፈረደ። መጽሐፉ ራሱ አብዛኛው ካራክተር ስለ ሸክም መጨነቅ እንደማያስፈልገው ይናገራል። ጉልበቱ 8 የሆነ ሰው በዋናው ደንብ 120 ፓውንድ ይይዛል። የተጓዡ ጥቅል በሙሉ 59 ነው። ግማሹ እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ገመዱን ጣልና ውረድ፣ ጨዋታህን ቀጥል ነው ምክሩ።

መልስ 2 በትሕትና ጀምራ ፓውንዱን ወደ ኪሎ መለሰችው። እኔ ይህን ሠርቼው አላውቅም ነበር። 120 ፓውንድ 54 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ እንግዲህ የደካማው ዊዛርድ ሸክም ነው። ጉልበቱ 15 የሆነ ደግሞ 225 ፓውንድ ይይዛል፤ 102 ኪሎ። አንድ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ፣ ሁለት ኪሎ ምርቃት ማለት ነው። መጽሐፉ ይህንን ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ በሙሉ ፍጥነት ይሄዳል ይላል። ይህ ለማን ይዋጥለታል ብላ ጠየቀች።

መልስ 3 እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ጸሐፊው አባቱ እህል በረንዳ መጋዘን ነበራቸው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እዚያ ነው የሚውለው። ተሸካሚዎቹ ከመኪና ኩንታል ሲያወርዱ ያይ ነበር። ሁለት ሰው ከላይ ጫፍና ጫፉን ይዞ ጆንያውን ያዘነብላል። ተሸካሚው ጎንበስ ብሎ በማጅራቱና በትከሻው መሀል ይቀበለዋል። ከዚያ አያወራም። ሰላም ብትለው አይመልስልህም፤ ትንፋሹን ቆጥሮ ነው የያዘው። ሠላሳ ርምጃ ይሄድና መጋዘን ውስጥ ይጥለዋል። እነዚያ ጎበዞች ያንን ጆንያ እንጦጦ ድረስ ውሰዱት ቢባሉ ወደየቤታቸው ነበር የሚሄዱት። በ15 ተባዝቶ የሚመጣው ቁጥር የመጋዘን ቁጥር እንጂ የመንገድ ቁጥር አይደለም፤ ሰውየው ያለው ይህንን ነው።

መልስ 4 እዚያ ላይ ተነሣ። አማራጩ ደንብ የተጻፈው ለዚሁ ነው። መንገድን የሚያስበው እሱ ነው። የዊዛርዱ 5 እጥፍ 40 ፓውንድ ነው፤ ጥቅሉ ብቻውን 59። ስለዚህ በዚህ ደንብ ዊዛርዱ ገመዱን ይዞት ሊሆን ይችላል። ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በ30 ሳይሆን በ20 ጫማ ፍጥነት መሄድ ነበረበት። ይህንን ሳነብ ደነገጥኩ። ባለፉት ወራት ከጎብሊኖች እየሮጠ ያመለጠባቸውን ጊዜያት አስታወስኩ። ይኸው ሰው አንድ ሌላ ነገርም አስታወሰኝ። ሰንሰለት ጥሩር ቢያንስ 13 ጉልበት ይጠይቃል የሚለውን መስፈርት ከአማራጩ ደንብ ጋር አንድ ላይ አይጠቀሙበትም። አማራጩን የያዘ ጠረጴዛ ያንን መስፈርት ይተወዋል፤ አለበለዚያ ባለ ጥሩሩ ሁለት ጊዜ ይቀጣል።

መልስ 5 ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደን፤ ግን ጥሩ አቅጣጫ ነው። የተጓዡን ጥቅል ቁጭ ብሎ ደምሮታል። ቦርሳው ባዶውን 5 ፓውንድ ነው፤ የሚይዘው 30። በጥቅሉ ውስጥ መኝታ 7፣ የምግብ ዕቃ 1፣ የእሳት መጫሪያ 1፣ ዐሥር ችቦ 10፣ የዐሥር ቀን ስንቅ 20፣ የተሞላ የውሃ ኮዳ 5፣ ገመድ 10 አለ። ሱቁ አንድ ላይ የሸጠልህ ዕቃ አብሮት በሸጠልህ ቦርሳ ውስጥ አይገባም!

መልስ 6 አስተካከለው። ገመድና መኝታ ከውጭ ይታሰራሉ፤ መጽሐፉ ይፈቅዳል። ከዚያም በኋላ ውስጥ የሚቀረው 37 ነው። ኮዳውን ወገብህ ላይ አንጠልጥለው፤ 32። የቀረውን 2 ፓውንድ እንዴት እንደሚያወጣው ሲያሳይ በጣም ወደድኩት። የአንድ ቀን ስንቅ 2 ፓውንድ ነው። ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብለህ ምሳህን ብላ፤ ልክ 30 ይሆናል።

መልስ 7 ክብደቱ ቢስማማ እንኳ ስፋቱ አለ አለች። ቦርሳው አንድ ኪዩቢክ ጫማ ነው የሚይዘው። በሊትር 28 ገደማ ይሆናል። ውሃ ስትጠፋ የምንሰለፍባትን ቢጫ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቡ፤ ከእሷ በ8 ሊትር ብቻ ይበልጣል። እዚያ ውስጥ ዐሥር ችቦ ከነስንቁ እንዴት እንደሚገባ ሥሉልኝ ብላ ጠየቀች። የሣለላት የለም።

ከመልስ 8 እስከ 11 ክሩ ሙሉ በሙሉ መንገድ ሳተ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈ ልጅ የጨዋታውን ሸክም ከአውሮፕላን ሻንጣ ጋር አነጻጸረው። 23 ኪሎ፣ ሁለት ሻንጣ። ሚዛኑ 26 ሲያሳይ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ሻንጣ መክፈት። የእናቱ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ከዚህ ሁሉ ምን ይውጣ? እናቱ ደግሞ ከኋላ ቆመው እያዩት ነው። ከዱባይ አንዲት እህት ብርድ ልብስ ይዛ ስትመጣ የደረሰባትን ጨመረች። አንዱ ሦስት ጃኬት ደርቦ መሳፈሩን ጻፈ፤ የለበሱትን ማንም አይመዝንም። ከዚያ የበርበሬ ዋጋ መጣ። በርበሬው ሲታሸግ እንዳይፈስ በስንት ፌስታል እንደሚጠቀለል ሁለት ሰዎች ተከራከሩ።

መልስ 12 የእኔ ነው፤ ወደ ዋሻው እንመለስ ብዬ ለመንኩ። ግን ያ የሻንጣ ወሬ ከንቱ አልነበረም። ሸክም የሚያጣላው ሚዛኑ ላይ ስትቆም ነው። ቤት ውስጥ በሰላም መዝነህ ብትወጣ ወለል ላይ አትንበረከክም። እኛ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው ሻንጣ የከፈትነው።

መልስ 13 የጋሼ ነው። በመድረኩ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ዋሽንግተን አካባቢ ይኖራሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይጫወታሉ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ሸክም የሚለካው በወርቅ ሳንቲም እንደነበር አስታወሱን። እሳቸው በጀመሩበት ጊዜ 10 ሳንቲም 1 ፓውንድ ነበር። የአንድ ሰው የሸክም ጣሪያ 1,600 ሳንቲም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለተኛው እትም ሲመጣ 50 ሳንቲም 1 ፓውንድ ሆነ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ቁም ነገሩ ግን ቁጥሩ ላይ አልነበረም። ለምን ይቆጠር ነበር የሚለው ነው። በዚያን ጊዜ ካራክተሩ የሚያድግበት የልምድ ነጥብ በዋናነት የሚገኘው ጭራቅ በመግደል ሳይሆን ሀብት ይዞ በመውጣት ነው። ከጉድጓዱ በሰላም ያወጣኸው እያንዳንዱ ወርቅ አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ ጥሩር ለብሰህ ብትገባ ትድናለህ፤ ግን የምታወጣው ወርቅ ያንሳል። ችቦ ብታበዛ መንገድህ ይበራል፤ የሳንቲሙን ቦታ ግን በልቷል። ሸክሙ ራሱ ጨዋታው ነበር። ወርቅ ነጥብ መሆኑ ሲቀር ሚዛኑ ብቻውን ቀረ፤ ሰዉም ምን እንደሚሠራ ረሳው። ጋሼ ቅር ያላቸው መሆኑ ከአጻጻፋቸው ይታያል።

መልስ 14 ስለ በቅሎዋ ነው። ደቡብ ጎንደር ያደገ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ያናደደው የዋጋ ዝርዝሩ ነው። መጽሐፉ አህያንና በቅሎን በአንድ መስመር ጽፎ፣ 8 ወርቅ፣ 420 ፓውንድ ይላል። ወደ 190 ኪሎ። ይህን የጻፈ ሰው አህያም በቅሎም ጭኖ አያውቅም አለ። አህያ ላይ ሁለት ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጭነት ማን ይጭናል? ጭነት ቁጥር ብቻ አይደለም። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ያጋድላል። ሲያጋድል ጀርባዋን ይፈትጋታል፤ ከዚያ ገጣባ ይሆናል። ገጣባ የያዛትን ወር ሙሉ አትጭናትም። አያቱ ጭነት ካሰሩ በኋላ መዳፋቸውን ከኮርቻው ሥር አስገብተው ዙሪያውን ይዳስሱ ነበር። መዳፋቸው ካልገባ ይፈታል፣ እንደገና ይጫናል። ልጆቹ እየቸኮሉም ቢሆን ይፈታል።

የጨዋታውን ቁጥርም አልተወውም። የአንድ እንስሳ የቀን መኖ 10 ፓውንድ ነው። ሣር በሌለበት አገር ዐሥር ቀን ከሄድክ 100 ፓውንድ የራሷን ምግብ ነው የምትሸከመው። ከ420ው ሩብ ያህሉ ሄደ። መጨረሻ ላይ እኔን ጠየቀኝ። ዋሻው አፍ ላይ የታሰረችውን በቅሎ ማን እየጠበቃት ነው? ጅብ አያውቃትም ወይ? ማንም እንደማይጠብቃት የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚህ በኋላ ንግግሩ ከረረ። መልስ 15 የጻፈው ሰው ተሰላችቷል። ሰው ከሥራ ወጥቶ ጀግና ሊሆን ነው ጠረጴዛው ጋ የሚመጣው፤ ፓውንድ መቁጠር የሚፈልግ ሚዛን ቤት ይቀጠር አለ። የገመድ ክብደት ጠይቆ ጨዋታ የሚያቆም ተጫዋች ደስታ ገዳይ ነው ሲል ጨመረበት። መልስ 16 በዚያው ልክ መለሰችለት። ጉልበት የማይቆጠር ከሆነ ሺቱ ላይ ለምን ይጻፋል? የዊዛርዱ አስማት በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ሲቆጠር ማንም ሒሳብ ሠራተኛ አላለውም። የጉልበተኛው ሲቆጠር ነው ሒሳብ የሚሆነው? መልስ 17 የ15ቱ ሰው ነው፤ ወደ ግል ዘለፋ ገባ። አወያዩ ሁለት መስመር ቆርጦ አስጠነቀቀው። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ጋ ክሩን ልዘጋው አስቤ ነበር። ባለመዝጋቴ ደስ ይለኛል።

ምክንያቱም መልስ 18 የራሷ የፋይተሯ ተጫዋች ነበር። መድረኩ ላይ እንዳለች እንኳ አላውቅም። ደስታ ገዳይ የተባለችው እሷ መሆኗን አስቀድማ ተናገረች። ከዚያ ዋሻው አፍ ላይ ምን እንዳደረገች አንድ በአንድ ጻፈች። ጉልበቷ 16 ነው፤ 5 እጥፉ 80። ጥሩር፣ ጋሻና ሰይፍ 64። የቀራት 16 ፓውንድ ነው። ኮዳ 5፣ አምስት ችቦ 5፣ መጫሪያ 1፣ የሁለት ቀን ስንቅ 4። ድምሩ 79። ገመዱ 10 ነው። ገመዱን ልትወስድ ውሃውንና ችቦውን መተው ነበረባት። እያቅማማች ውሃውን መረጠች። ገደል ቢገጥመን እንደምንቸገር አውቃ ነው የገባችው። ልትከፍለው ተዘጋጅታለች።

ስምንት ወር ሙሉ ጉልበቷ ሰይፍ ከማወዛወዝ ሌላ ምንም ሠርቶላት እንደማያውቅ ጻፈች። በር ሲቆለፍ ዊዛርዱ ይከፍተዋል። ዕቃ ሲያስፈልግ ማንም ያወጣዋል። ትልቁን ቁጥሯን ጉልበት ላይ ስታስቀምጥ ከሌላ ቦታ ቀንሳ ነው። ያን ቀን ዋሻው አፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ካራክተሯ ከባድ ነገር ለብሳ የቆመች ሰው መሰለቻት። ከዚያ ገደሉ መጣ። ገመዱ አንድም ቀን ካልደመረ ሰው ቦርሳ ውስጥ ተመዞ ወጣ። የተናደደችው በገመዱ አይደለም። መምረጧ ምንም እንዳልሆነ ስላየች ነው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያን ቅዳሜ ጨዋታውን ታስቆመናለች ብዬ ፊቴን አጥቁሬባት ነበር። በእርሳስ የተጻፉትን ቁጥሮች አይቻለሁ፤ ምንድን ናቸው ብዬ ግን አልጠየቅኳትም። መልስ 19 የእኔ ነው፤ እዚያው ሁሉም ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ጥፋቱ የዊዛርዱ ተጫዋች እንዳልሆነም ጻፍኩ። ደንቡን መጀመሪያ ቀን መወሰን የነበረብኝ እኔ ነኝ።

መልስ 20 የ15ቱ ሰው ተመልሶ ነው። ድምፁ ተለውጧል። እህቴ ብሎ ጀመረ፤ በዚህ በኩል አስቦት እንደማያውቅ አመነ። ፓውንድ መቁጠሩን ግን አሁንም አይወደውም፤ አዲሱ እ.ኤ.አ. የ2024 የተጫዋቾች መጽሐፍ አማራጩን ደንብ እንደተወው ጠቀሰ። ሌላ መንገድም አመጣ። በሌላ ተመሳሳይ ጨዋታ፣ በፓዝፋይንደር ሁለተኛ እትም፣ ፓውንድ የለም፤ በልክ ነው የሚቆጠረው። ትንንሽ ዕቃ ዐሥሩ አንድ ልክ ነው። ከ5 ልክ በላይ፣ ከጉልበትህ የሚገኘው ተጨማሪ ቁጥር ታክሎበት፣ ስትይዝ ትዘገያለህ። ቤቱ የሚጫወቱት ደግሞ ከዚያም ቀላል ነው። ወረቀት ላይ በጉልበትህ ቁጥር ልክ ሳጥን ይሣላል። በአንድ ሳጥን አንድ ዕቃ። ከባድ ጥሩር ሦስት ሳጥን ይይዛል። ሳጥኑ ሲሞላ ሞላ፤ ድምር የለም፣ ክርክር የለም። ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። ልጆች ላለበት ጠረጴዛ እኔም እሱን ነው የምመርጠው።

መልስ 21 ለዊዛርዱ ባግ ኦፍ ሆልዲንግ የተባለው የአስማት ቦርሳ ይሰጠውና ይለቅ አለ። ቦርሳው ሁልጊዜ 15 ፓውንድ ነው፤ ውስጡ 500 ይይዛል፣ እስከ 64 ኪዩቢክ ጫማ። እኔ አልተስማማሁም፤ የተጠየቀውን ጥያቄ ይሰርዘዋል እንጂ አይመልሰውም። ሰውየው መሐንዲስ ሳይሆን አይቀርም፣ በዚያው ሌላ ነገር አነሣ። 64 ኪዩቢክ ጫማ በየጎኑ 4 ጫማ የሆነ ሳጥን ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፉ 7 ጫማ አይሞላም። ስለዚህ ያቺ ሁሉም የሚገዛት ባለ 10 ጫማ እንጨት አትገባም። ግን መጽሐፉ ውስጡ ሳጥን ነው አላለም፤ ስፋቱን ብቻ ነው የተናገረው። ቀጭንና ረጅም ቢሆንስ? ይህን እያንዳንዱ ዲኤም ለራሱ ይፍረድ።

መልስ 22 ነው ጥያቄዬን በእውነት የመለሰው። የመልስ 2 ጸሐፊ ናት፤ የዊዛርዱን ሸክም ከዜሮ ሠራችው። ጣሪያው 40። ቦርሳ 5፣ መኝታ 7፣ የሦስት ቀን ስንቅ 6፣ ኮዳ 5፣ መጫሪያ 1፣ ሁለት ችቦ 2፣ የምግብ ዕቃ 1፣ በትር 4፣ የአስማት መጽሐፍ 3። ድምሩ 34። የተለመደው ገመድ 10 ስለሆነ አይገባም። የሐር ገመድ ግን 5 ፓውንድ ነው፤ 39 ይሆናል። ዋጋው 10 ወርቅ ነው፤ የተለመደው 1 ወርቅ። ደካማ ሰው ገመድ ሊይዝ ይችላል፣ ግን ዐሥር እጥፍ ይከፍላል።

መልስ 23 ከሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ ነው። ሰውየው ልብስ የለውም ወይ ብሎ ጠየቀ። በአውሮፕላን የለበስከው አይመዘንም፤ እዚህ ግን ተራ ልብስ 3 ፓውንድ ተብሎ ተጽፏል። 42 ሆነ፤ አለፈ። መፍትሔውንም እዚያው ሰጠ። ዊዛርዱ ብርሃን የሚያበራ አስማት ካወቀ፣ ያውም ያለ ገደብ የሚጠቀምበት፣ ችቦ ምን ያደርግለታል? ሁለቱን ችቦና የምግብ ዕቃውን አውጣ፤ ተመልሶ 39። የቀረው አንድ ፓውንድ ነው፤ 50 ሳንቲም። ከዚያ በላይ ወርቅ ካገኘ ፋይተሯን ይለምን፤ እሷ ጥሩሯን አውልቃ ካልሆነ የእሷም ቦታ ጠባብ ነው። ወይም በቅሎዋ ጋ ይመለስ።

እኔም ወሰንኩ። አማራጩን ደንብ ይዘናል። ድምሩ የሚሠራው ከተማ ውስጥ ወይም ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ማረፊያ ማንም አይነካውም። ያለፈው ገመድ ይቆጠራል፤ ቡድኑ ወርዷል። የዊዛርዱ ፍጥነት ግን ከዋሻው እስኪወጣ 20 ጫማ ነው። በቅሎዋን በተመለከተ ዳይስ እጥላለሁ፤ ለማንም ሳላዳላ፣ ጠረጴዛው ላይ በግልጽ።

መልስ 24 ትናንት ማታ ገባ፤ የዊዛርዱ ተጫዋች ነው። ክሩን በሙሉ አንብቦታል። ለፋይተሯ ተጫዋች በስልክ እንደደወለላት ጻፈ፤ ያወሩትን አልነገረንም። 20 ጫማውን ተቀብሏል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ከዋሻው ማዶ ባለችው መንደር የሐር ገመድ ይሸጣል ወይ? አንድ ነጋዴ ጋ አንድ ጥቅል እንዳለ መለስኩለት። 10 ወርቅ።